ቆሎ ቤት፣ ይሰማል?

ሱቄ ደብረ ሲና፣ ከቆሎ ሻጮች ጥግ፣
ሳያንኳኳ ገብቶ የሚቀመጥ ጭጋግ፣
ደንበኛዬ እሱ ነው ከሰኔ እስከ ጥቅምት፤
ሌላው ቴፕ ያመጣል፣ ካሴት የበላበት።

አንቴናዬ ድሮ የልብስ ማስጫ ነበር፤
ጎረቤቴ አስካለ ነጠላዋን ባጥር
ዘርግታ ስትጨርስ ወደ ላይ ታያለች፤
«በሽቦዬ ያወራል፣ እብዱ ሰው» ትላለች።
ሲመሽ ግን ያ ሽቦ መንገዱን ይስባል፤
ጣርማበር ያስላል፣ ሸዋሮቢት ያልበዋል።

«ከዋሻው ወጥቻለሁ፣ ተሳቢ አለኝ፣ ቦታ ስጡኝ።»
«ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ጭላዳ እየተሻገረ ነው፤
ቀስ በሉ፣ የመጨረሻዋ ልጅ አዝላለች።»
«ጎማ ያስደገፈበትን ድንጋይ አስፋልት ላይ ትቶ የሄደ
እጁ ይቆረጥ!»
«አይቆረጥ ወንድሜ፣ እኔ ነኝ፤ ተመልሼ አነሣዋለሁ።»

ስም አይጠሩም እዚያ። አንዱ «ብርድ ልብስ» ነው፣
ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚጭነው፤
«አሞሌ» ካፋር ጨው ይዞ የሚወጣ፤
«መጋዝ» በድምፁ ነው፣ ግንድ ይልጣል ሲቆጣ።
እኔን «ቆሎ ቤት» አሉኝ አንድ ፍሬ ሳልሸጥም፤
በደጄ ያልፋሉ፣ መልካቸውን አላውቅም።

ነሐሴ ነው። ሌሊት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ትቶ ግድግዳውን ይዟል።
«ቆሎ ቤት፣ ይሰማል?»
መጋዝ ነው፤ ግን ጥርስ የለውም ድምፁ።
«ይሰማል፣ ቀጥል።»
«ፍሬን የለኝም።»

ካውያውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤
ጠረጴዛው ላይ ዛሬም ጥቁር ጠባሳ አለ።

«ወደ ላይ የምትወጡ ሁላችሁ!
ወደ ግንቡ ተጠጉ፣ መሐሉን ልቀቁለት፣
ፍሬቻ በሁለቱም ወገን አብሩ!»
ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ባንድ መለሱ።
«ብርድ ልብስ ተጠግቷል።»
«አሞሌ ተጠግቷል።»
ሰምቼው የማላውቅ አንድ ለጋ ድምፅ፦
«እኔ ገና ስም አልወጣልኝም... ግን ተጠግቻለሁ።»

«ሁለተኛ ማርሽ፣ መጋዝ። ግፋው።»
«አልገባም አለኝ።»
«ለምነው።»

ከዚያ ሿ ብቻ።

ሲያልፍ የሰማሁት በራዲዮ አይደለም፣ በመሬቱ ነው፤
ብሎኖቼ ከጠረጴዛው እንደ ቆሎ ተራገፉ።
ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት።
ከከተማው በታች ለሕንፃ የተቆለለ አሸዋ አለ፤
ስለ አሸዋ እንዲህ አስቤ አላውቅም።

«ቆሎ ቤት፣ ይሰማል?»
«ይሰማል! ይሰማል!»
«ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።
ቆይ፣ እውነት ግን ቆሎ ትሸጣለህ?»

በእግሩ መጣ፤ አጭር ሰው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣
የተቃጠለ ሸራ ይሸታል ጃኬቱ።
«ማሙሸት» አለኝ፤ እኔም ስሜን ነገርኩት፤
ሻይ ቀዳሁ፤ ስኳሩን ሦስቴ አማሰልኩት።
«ክረምቱ ከብዷል» አልኩ። «ከብዷል» አለ እሱም።
ልጆች? ሁለት። ደህና? ደህና። ሌላ የለም።
ስንት ሌሊት በወሬ ያነጋን ሰዎች
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ግድግዳ አየን።

ፍሬኑን አሠርቶ በሦስተኛው ቀን ሄደ።
አርማንያን እንዳለፈ
«ቆሎ ቤት፣ ይሰማል?»
ወሬው ያኔ ተፈታ፦
ትንሿ ልጁ ጨለማ እንደምትፈራ፣
ማርሹ ሲገባ እንደ ሰው እንደጮኸ፣
የጮኸውም ማርሹ ይሁን እሱ እንዳልለየው፣
ያ ለጋው ልጅ ስም እንደሚገባው፤
«ፍሬቻ እንበለው» አልኩ፣ «ይሁን» አለ፣ ሳቀ፣
ሳቁ መሐል ላይ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር።

ርቀቱ መስሎኝ ወጣሁ።
አስካለ በዘንግ ሰቅላ
እርጥብ ነጠላዋን አንቴናዬ ላይ አስጥታለች።
አየኋት። አየችኝ።
ትንሽ ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር፤
እስኪደርቅ ጠበቅሁ።